አያቶቻችን የተጠሩበት ኢሜይል

ቢቸና ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ኮሌጁ ለተማሪዎቹ በየሳምንቱ የሚልከውን ኢሜይል የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ማን ሾመኝ? ማንም። ያኔ ደህና ኮምፒዩተርና ደህና መስመር የነበረው እኔ ዘንድ ስለነበር፣ ጸሐፊዋ ማስታወቂያውን በእጇ ጽፋ ታመጣለች፣ እኔ ተይቤ እልካለሁ። ከክፍያው ይልቅ ክብሩ ነበር የሚጥመኝ። ተማሪ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጋሼ፣ ፈተናው መቼ ነው?» ይለኛል፤ ዲኑን እንኳ እንደዚያ አይጠይቀውም።

አጀማመሬ የደንበኛ ደብዳቤ ነው። «እንደምን ከርማችኋል፣ እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን» እላለሁ። አንድ ተረትና ምሳሌ ጣል አደርጋለሁ፣ ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራለሁ፣ ዋናውን ጉዳይ ግን በዎርድ ፋይል አባሪ አድርጌ እሰደዋለሁ። አባሪው በስልክ እሺ ብሎ አይከፈትም። ተማሪው ታዲያ ወዴት ይሄዳል? ፊት ለፊት ነዋ! ከፍቼ አትምለታለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ እምቢ ያለ ፋይል እንጀራዬ ነው።

ዘንድሮ ከድሬዳዋ ተመድባ የመጣች የኮምፒዩተር መምህርት ስልኳን ይዛ ሱቄ ገባች።

«ጋሼ፣ ይሄን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰላምታው ያምራል። ግን ስለ ፈተናው የሚለውን እስካገኝ ድረስ ሻዬ ቀዘቀዘ። ዘመናዊ እናድርገው ብለናል። ሞጣ ስልክ የሚሸጥ ሰው አለ አሉ፣ ይችልበታል። ያውቁታል?»

ማወቅስ አውቀዋለሁ! ከግንደወይን ሽንብራ መጫን አብረን ነው የጀመርነው። ይሄ ሰው ከእኔ በኋላ ይመጣል፣ ከእኔ በፊት ይቀመጣል። ሱቁን ሰማያዊ ቀባ፤ እኔም ቀባሁ፤ የእኔው ቶሎ ተላጠ። እኔ የምሸጠው ደብተር ያረጃል፣ እሱ የሚሸጠው ስልክ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር በሱቁ በር ላይ የማየው ሰው ብዛት ለሳምንት ምግብ ይዘጋኛል።

ዲኑ ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው። የዚህን ሳምንት የሞጣው ይሞክር፤ ተማሪው ከወደደው ኢሜይሉ የእሱ ይሆናል፣ ካልወደደው ከእኔው ጋር ይቀራል።

ሰውዬው በሚኒባስ መጥቶ የተማሪዎቹንና የሠራተኞቹን መዝገብ ከተቀበለ በኋላ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

«አንተ፣ አሁንም ተረት እየተረትክ ነው አሉ ፈተና የምታሳውቀው?»

«አንተስ አሁንም ሽንብራውን ከነጠጠሩ ነው አሉ የምትመዝነው?»

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤ እሱንም አልወድለትም።

ሰኞ ጠዋት ኢሜይሉ ደረሰ። እስክሪብቶ ልትገዛ የመጣች ተማሪ ስልኳን አሳየችኝ። አጭር ነው። ፈተናው፣ ካፌው፣ ቤተ መጻሕፍቱ እያንዳንዳቸው በየሳጥናቸው ተቀምጠዋል። የሚከፈት አባሪ የለም። 

«ግን እኮ ጋሼ፣» አለች ልጅቷ፣ «ሰላምታውን ይዩልኝ። ‹ውድ አቶ› ብሎ አያቴን ነው የጠራው!»

አየሁት። እውነት ነው። ኢሜይሉን የሚልከው ፕሮግራም የፈረንጅ ስለሆነ ለክብር ሰላምታ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የእኛ መዝገብ ደግሞ የራስን፣ የአባትን፣ የአያትን ስም ተራ በተራ ይዘረዝራል። የሞጣው ብልጥ የመጨረሻውን ሰጥቶታል። ካምፓሱ ውስጥ ላለ ተማሪ ሁሉ የተላከው ኢሜይል የተጻፈው ለአያቱ ነው። ስንቱ አያት አፈር ከለበሰ በኋላ ለሂሳብ ፈተና ተጠራ!

እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ሱቁን ዘግቼ፣ ኢሜይሉን በትልቁ አትሜ፣ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። መምህርቷም እዚያው ነበረች።

«ይኸው፣ ዘመናዊነት!» ብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ሙት ጠሪ አደረገን እኮ!»

ዲኑ ወረቀቱን ትቶ የራሱን ስልክ አወጣ።

«ለኔም ደርሶኛል። አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ካጣሁ ቆየሁ። እህቴ ጋ ደውዬ አነበብኩላት።»

«ስህተት ነው እኮ፣ ጌታዬ!»

«ስህተት ነው፤ ይታረማል። ግን ውጭ አላዩም?»

በመስኮቱ አየሁ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ በአያት ስም እየተጠራሩ ይሳሳቃሉ። አንዱ «ውድ አቶ፣ ፈተናው ከሰዓት ነው፣ ምርኩዝዎን ይያዙ!» ይላል። ሌላው «አዳራሹ ተቀይሯል፤ ታች ሳጥኑ ውስጥ አላነበቡም?» ብሎ ይመልሳል። ሁሉም አንብቧል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ኢሜይሉን ስልክላቸው ግን አዳራሹ መቀየሩን ሳይሰማ ባዶ ክፍል ሄዶ የሚቀመጥ አይጠፋም ነበር።

ለእኔ ቢሆን ስህተት ሆኖ የሚቀር ነገር፣ ለእሱ ሲሆን በረከት ይሆናል። ሰው የባልንጀራውን ሀብት ይመኛል፤ እኔ ስህተቱን ተመኘሁ።

«እንግዲህ የሞጣው ይያዘው፣» አለ ዲኑ። አከታትሎም «ስልክ ለሌላቸው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ግን እርስዎ ያትሙልን» አለኝ። ማጽናኛ መሆኑ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ አዲሱን እትም አተምኩና ሰሌዳው ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሳልለጥፈው ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ከላይ ጀመርኩ። ስሙ ታርሟል። ቀኑ ትክክል ነው። የፊደል ግድፈት የለም። የካፌው ሰዓት፣ የመታወቂያው እድሳት፣ ሁሉም ልክ ነው። እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

ከኋላዬ ተማሪ ተሰብስቧል።

«ጋሼ፣ ይለጥፉት እንጂ፤ እኛም እናንብብ።»

«ቆይ፣» አልኩ፣ «ገና አልጨረስኩም።»