ፀሐይወርቅ ስልክ የማታነሳበት ሰዓት

ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ጥግ ባለችው ዋይትሆል ውስጥ ፀሐይወርቅን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ደብዳቤ መጥቶበት አያውቅም። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የለም። እዚህ ገና ሻንጣህን ሳትፈታ ደብዳቤ ይደርስሃል፤ ከኢንሹራንሱ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከመብራቱ፣ ከካውንቲው፣ ከማታውቀውም ከማያውቅህም። ግማሹ ማስታወቂያ ነው፤ ግማሹ ግን ካልመለስክለት አንድ ነገር ይዘጋብሃል። የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ለፀሐይወርቅ ይደወላል።

ፀሐይወርቅ ጠበቃ አይደለችም፤ ቢሮም ሠርታ አታውቅም። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሱዳን በኩል መጥታ ኮለምበስ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያላት ሙያ ትዕግሥት ነው። ሌላው ሰው ደብዳቤው ላይ ቀይ መስመር አይቶ ላብ ሲያጠምቀው፣ እሷ መነጽሯን አጥልቃ ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር ታነባለች። አንብባም "ይሄ ምንም አይደለም፤ ያኛውን ግን ዛሬውኑ" ትላለች። ይህችን ለመስማት አርባ ደቂቃ መኪና ነድቶ የሚመጣ ሰው አለ።

ችግሩ ሥራዋ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር ሄዳ አንዲት የዘጠና ዓመት አዛውንት ትንከባከባለች። እዚያ ቤት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ስልክ ከቦርሳ አይወጣም። ዐሥር ሰዓት ላይ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስትከፍተው ዐሥራ ምናምን ሚስኮል ተደርድሮ ይጠብቃታል።

ባለፈው ዓመት፣ በረዶው ሊያልቅ አካባቢ፣ ከነዚያ ሚስኮሎች አንዱ የብርነሽ ነበር። ብርነሽ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ለፀሐይወርቅ ከጎረቤትም በላይ ናት። ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሳይነሳ ሲቀር "ስትወጣ ትደውልልኛለች" ብላ ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችው። ፀሐይወርቅ ደግሞ ያን ቀን ለዐሥራ ሁለት ሰው መልሳ ደውላ ዐሥራ ሦስተኛዋን ረሳች። በወሩ ብርነሽ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ ፋርማሲ ስትሄድ ኢንሹራንስሽ ተዘግቷል ተባለች። እስኪከፈት ሁለት ወር ፈጀ፤ ሁለቱንም ወር ኪኒኗን እየገመሰች ነው ያሳለፈችው። "ጥፋቱ የራሴ ነው እቴ፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" ብላ ሳቀች። ሳቋ የፀሐይወርቅን አንጀት በላው።

"ስልክ በማላነሳበት ሰዓት የሚያነሳልኝ ነገር ያስፈልገኛል" አለችው ለባሏ ለዘካርያስ።

"ሁለተኛ ስልክ ልግዛልሽ?"

"መጽሐፍ ልጽፍ ነው።"

ዘካርያስ የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲቆጥር ስለሚውል ብዙ ነገር አያስደንቀውም። ይሄ ግን አስደነቀው። መጽሐፉ ስልክ ላይ ብቻ የሚነበብ፣ ወረቀትም ጥራዝም የሌለው ኢ-ቡክ መሆኑን ሲሰማ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" ብሎ ሶፋው ላይ ተንከተከተ። ፀሐይወርቅ ቅር አላላትም። የፈለገችው ዝናም መደርደሪያም አልነበረም። አንድ የማታውቀው ሰው፣ እሷ በሌለችበት፣ ደብዳቤውን ብቻውን ከፍቶ ከዳር ቢያደርስ፤ አንድ ሰው ብቻ። ያ ከሆነ የብርነሽ ነገር ከደረቷ ላይ ይነሳል።

መንገዱን የምታውቀው ሰምሀል ናት። ሰምሀል ልጅ ሆና መጥታ እዚሁ ያደገች፣ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት፤ ስለ ጾም ምግብ ሁለት ኢ-ቡክ ጽፋ በኢንተርኔት ትሸጣለች። ፀሐይወርቅ በእጇ የጻፈችውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ይዛላት ሄደች። እንዲህ ይጀምራል፦ "የሰው ልጅ ከጥንተ ፍጥረቱ ጀምሮ መልእክት ሲለዋወጥ የኖረ ፍጡር እንደመሆኑ መጠን..."

ሰምሀል ሁለት ገጽ አንብባ ቀና አለች። "እትዬ ፀሐይ፣ ይሄ ማነው የሚያወራው?"

"እኔ ነኛ!"

"እርስዎ ስልክ ላይ እንዲህ ነው የሚያወሩት?" አለችና ስልኳን ቀረጻ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ድምፅዋን አንቀጥቅጣ "እትዬ ፀሐይ! ሌተር መጣብኝ! ምን ላድርግ?" አለች።

"አይዞሽ" አለች ፀሐይወርቅ ሳታስበው። "መጀመሪያ ቁጭ በይ። ፖስታውን እንዳትጥይው። ከላይ ቀን የተጻፈበት አለ፤ እሱን ንገሪኝ። ቀጥሎ 'ዴድላይን' የሚል ፈልጊ..."

ሰምሀል ስልኩን አጠፋችው። "ይኸው መጽሐፉ" አለች።

እውነቷን ነው። ብዙ ሰው መጽሐፍ ልጽፍ ሲል መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አንባቢ ደግሞ ጉሮሮ እስኪጠረግ አይጠብቅም። ፀሐይወርቅ ከዚያ ቀን ወዲያ ጥንተ ፍጥረትን ለሊቃውንት ትታ በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ አንድ ጥያቄ ለስልኳ እየመለሰች፣ የተቀረጸውን እየጻፈች፣ አንዱን ጥያቄ አንድ ምዕራፍ እያደረገች በአምስት ወር ሠላሳ አንድ ምዕራፍ አወጣች። ስሙንም "ደብዳቤ መጣብኝ" አለችው።

"ታዲያ አሁን እንሽጠው" ስትል ፀሐይወርቅ፣ ሰምሀል አልቸኮለችም። መጀመሪያ ብርነሽ መጥታ አንድ እውነተኛ ደብዳቤ በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላው ይዛ ምዕራፍ ሁለትን እየተከተለች እንድትሠራ አደረገች። ለፀሐይወርቅ የተሰጣት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዝም ማለት። "መጽሐፉን የገዛ ሰው ቤት አብረው አይሄዱም እኮ" አለቻት ሰምሀል።

ዝምታ ቀላል ይመስላል። ብርነሽ "የጉዳይ ቁጥርዎን ይጻፉ" የሚለው ላይ ስትደርስ ደብዳቤው ላይ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘች፤ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ጭራሽ የስልክ ቁጥሩን መጻፍ ጀመረች። ፀሐይወርቅ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወንበሩን ጨብጣ፣ እንደ ጀበና ልትገነፍል ደረሰች። "ተናገሪ እንጂ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?" አለች ብርነሽ ተቆጥታ። በዚያ አንድ ከሰዓት እንዲህ ያለ ቦታ ዐሥራ አንድ ተገኘ። ፀሐይወርቅ ሁሉንም አስተካከለች፤ ቁጥሩ ያለበትንም ቦታ ፎቶ አንስታ ቀስት አደረገችበት።

ሽፋኑ ላይ ተጣሉ። ፀሐይወርቅ የልጇ ሠርግ ዕለት ካባ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ፈልጋ ነበር። ሰምሀል ፎቶውን በኢንተርኔት ሱቁ ላይ በሚታይበት መጠን አሳንሳ አሳየቻት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። "ይቺ ነጠብጣብ እርስዎ ነዎት።" ፎቶው ቀረና በቀይ መደብ ላይ አንድ ነጭ ፖስታ፣ ከሩቅ የሚታይ ርዕስ ሆነ። ዋጋው ላይም እንዲሁ። ፀሐይወርቅ በነጻ ልስጥ አለች፤ ሰምሀል በነጻ የተገኘ መጽሐፍ ስልክ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ሰው የከፈለበትን ግን ይከፍተዋል ብላ አራት ዶላር አስቆረጠቻት። በሁለቱም ፀሐይወርቅ ተሸነፈች። በሦስተኛው አልሸነፍ አለች፤ በምስጋናው።

ምስጋና ከፊት ነው። መቼም አገር ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ይሄንን ነው። መጀመሪያ እግዚአብሔር፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ አባቶች፣ ቀጥሎ የሰበካው ሽማግሌ ጋሼ ጎሹ፣ ከዚያ ዘካርያስ፣ ልጆች፣ ጎረቤት። ወሬው ሲወጣ ደግሞ "ለመሆኑ እኔስ ገባሁ?" የሚል ስልክ መጣ። ማን ይቀራል? የሱዳን ጓደኞቿ ገቡ። መንጃ ፈቃድ ያስተማራት ሰውዬ ገባ። አንድ መቶ ሰባ ገጽ መጽሐፍ ውስጥ ምስጋናው ብቻውን ዐሥራ ሰባት ገጽ ያዘ። "ከኋላ ብናደርገውስ?" አለች ሰምሀል ቀስ ብላ።

"ሰው ከኋላ ይመሰገናል?" አለች ፀሐይወርቅ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

መጽሐፉ ወጣ። ስልኳ በእንኳን ደስ ያለሽ ጋለ፤ ፌስቡኩ በፖስታው ሥዕል ቀላ። በሦስተኛው ሳምንት ሰምሀል ሽያጩን ስታየው ዐሥራ አንድ ነው። ዐሥራ አንዱም ደግሞ በስም የሚታወቁ ናቸው፤ ገዝተው ሲያበቁ መልሰው ይደውሉላታል። "መጽሐፍሽን ገዝቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ምን እንደሚል ንገሪኝ" ይሏታል። የማታውቀው ሰው አንድም የለም። ፀሐይወርቅ ይሄን ስትሰማ እንጀራ አልወረደላትም።

"ሳምፕሉን ቼክ አድርገውታል?" አለቻት ሰምሀል።

የኢንተርኔት ሱቁ ገዢ አይቶ እንዲገዛ የመጽሐፉን የመጀመሪያ አንድ ዐሥረኛ በነጻ ያሳያል፤ ሳምፕል የሚባለው እሱ ነው። የዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያ አንድ ዐሥረኛ ምን እንደሆነ ማስላት አያስፈልግም። የተመሰገነው ሁሉ በነጻ ገብቶ፣ ስሙን አግኝቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ወጥቷል። ደብዳቤ የመጣበትና ለጭንቁ መድኃኒት የሚፈልግ የሩቅ ሰው ደግሞ ገብቶ የጋሼ ጎሹን ስም አንብቦ ተመልሷል።

"በቃ ውሰጂው ወደ ኋላ" አለች ፀሐይወርቅ። ይሄን ማለት ቀላል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ወሬው የደረሳቸው ጋሼ ጎሹ መኪና ማቆሚያው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቋት ነበር።

"ከፊት አስቀምጠሽ ወደ ኋላ ታወርጂናለሽ፣ ፀሐይወርቅ?"

ሰዎች ቆመው ያዳምጣሉ። ፀሐይወርቅ ፊቷ ቀላ፤ ግን ብርነሽ ኪኒኗን ስትገምስ ታወሳት። "ጋሼ ጎሹ፣ እርስዎ ቤት እንግዳ ሲመጣ ሳሎን የሚቀመጠው ማነው?"

"እንግዳው ነዋ።"

"ቤተኛውስ?"

"ቤተኛ የትም ይቀመጣል። ጓዳም ቢሆን።"

"ይኸው፤ እርስዎ ቤተኛዬ ነዎት። መግቢያውን ለእንግዳ ይልቀቁልኝ። የጨነቀው ሰው ነው የሚመጣው።"

ጋሼ ጎሹ ከዘራቸውን አሸጋሸጉ። ቤተኛ መባሉ ሳያስደስታቸው አልቀረም። "እንዲህ ከሆነ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ብቻ እዚያም ቢሆን ከዘካርያስ በፊት አድርጊኝ።"

ከዚያ ወዲህ ሳምፕሉን የከፈተ ሁሉ ቀጥታ የሚያገኘው ምዕራፍ አንድን ሆነ። ሰምሀል ሌላም አስተማረቻት፦ "መጽሐፌን ግዙ" ብለው በየፌስቡክ ግሩፑ አይጩሁ፤ አንድ ሰው ሲጠይቅ እዚያው ይመልሱለት፣ መልሱ ከየት እንደመጣ ደግሞ ከሥር ይጻፉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ "ግሩም ነው፣ ግሩም ነው" የሚሏትንም እየያዘች "ለኔ አትንገሩኝ፣ ኢንተርኔት ሱቁ ላይ ጻፉት" ማለት ጀመረች። ሽያጩ አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ምንም፣ አንድ ቀን ስድስት ሆነ።

"እነማን ናቸው?" ትላለች ፀሐይወርቅ።

"አይታወቅም እትዬ ፀሐይ። ቁጥር ብቻ ነው የሚታየው።"

"የገዢው ፊት የማይታይበት ምን ዓይነት ገበያ ነው!"

ሚስኮሉም ቀነሰ። ዐሥራ ሦስት የነበረው ስድስት፣ ከዚያ አራት ሆነ። ደስ አላት ማለት ግማሽ ውሸት ነው። አዎ፣ ይሄንኑ ነበር የፈለገችው፤ ግን ሰዎቹ ደብዳቤውን ከዳር አድርሰውት ይሁን ወይ ፍሪጅ ላይ አስቀምጠውት በምን ታውቃለች? ለዘካርያስ ስትነግረው "ሳይደውሉ ጨነቀሽ፣ ሲደውሉም ጨነቀሽ" ብሎ ሳቀባት።

አንድ ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስልኳን ስትከፍት አንድ ሚስኮል ብቻ አገኘች። ቁጥሩ የኦሃዮ አይደለም። ቶሎ ብላ እስክሪብቶና ወረቀት አውጥታ መሪው ላይ ዘርግታ ደወለች።

"እትዬ ፀሐይወርቅ ነዎት? ሙክታር እባላለሁ" አለ አንድ የወንድ ድምፅ። "ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከምትባል ከተማ ነኝ፤ ሥጋ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ቁጥርዎን ኮለምበስ ያለ ዘመዴ ነው አፈላልጎ የሰጠኝ።"

"አይዞህ" አለች። "ቀኑ መቼ ነው የሚለው?"

"ቀኑ አልፏል።"

"ውይ፣ አለፈ?" አለች ፀሐይወርቅ።

"አይ፣ አይደንግጡ" አለ ሙክታር። "የልጆቹ ኢንሹራንስ ነበር። አምስት ቀን ሲቀረው ነው መጽሐፍዎን ያገኘሁት። ቁጥሩን ከቀስቱ ላይ አየሁ፣ ደወልኩ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ አቅርቡልኝ አልኩ፤ ያናገረችኝን ሴትዮ ስምና ቀኑንም እንዳሉት ጻፍኩ። ትናንት 'ኢንሹራንሱ ታድሷል' የሚል ደብዳቤ መጣ። እሱንም ራሴ ነኝ ያነበብኩት።"

ፀሐይወርቅ ወረቀቱን አቃናች። "ታዲያ አሁን ምን ልርዳህ?"

"ምንም።"

"ሌላ ደብዳቤ መጣ?"

"አልመጣም እትዬ። ሁሉም ተስተካክሏል። 'ደህና ነዎት ወይ' ልልዎት ብቻ ነው የደወልኩት።"

ፀሐይወርቅ እስክሪብቶዋንና ባዶውን ወረቀት አየች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የማታውቀው ሰው ደውሎላት ምንም ሳይፈልግ ቀርቶ አያውቅም፤ ደብዳቤ ከሌለበት ሰው ጋር ምን እንደሚወራ ጠፋባት። ዕንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮት መጣ፤ ሁለቱንም በመዳፏ ጠረገችና ወንበሯን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገች።

"ደህና ነኝ" አለችው። "እሺ፣ አንተስ? ልጆችህ ስማቸው ማነው?"