ቆላ የወረደ እንጆሪ

መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቀበቶም ይሁን የዘይት ማጣሪያ፣ የጠየቀኝን ሰው ዓይኔን ጨፍኜ አወጣለታለሁ። ስለ ተክል ግን የምችለው ነገር ቢኖር ሰው ሲተክል አጠገቡ ቆሞ አስተያየት መስጠት ነበር። እንጆሪ ልትከል ብዬ የተነሳሁት ይህን እውቀት ይዤ ነው።

ሰበቡ እናቴ ናት። ደባት አካባቢ ደጋው ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ወድቃ ወገቧን ተጎዳች። እህቶቼ ርቀው ስለተዳሩ እኔ ዘንድ አመጣኋት። እሺ ብላ የመጣችው ደግሞ በስልክ ዋሽቻት ነው። "የቆላው ሙቀት ሰው ይገድላል ይላሉ" ስትለኝ "ሞቅ ይላል እንጂ ያን ያህል አይደለም" ብያት ነበር። ከሚኒባሱ ስትወርድ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ዙሪያውን አየች።

"ይኼ ነው ሞቅ ያለው?" አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሬዋ ሁሉ "ለገና አገሬ እገባለሁ" ሆነ። አገሯ የሚጠብቃት ባዶ ቤትና ብርድ ነው። ዳግመኛ ብትወድቅ የሚያነሳት ሰው የለም።

እንዳትሄድ ያላደረግሁት ነገር የለም። ችግሩ ያደረግሁት ሁሉ እንድትሄድ የሚገፋፋ መሆኑ ነው። ሥራ የሚባል አላስነካት አልኩ። መጥረጊያ ካነሳች እቀማታለሁ፣ ወጥ ልሥራ ካለች "ምን ጎደለብሽ?" እላለሁ። እናቱን በስተርጅናዋ ያሠራል እንዳልባል ፈርቼ ነው። ግቢው ውስጥ ራኩባ አለኝ፣ በአራት እንጨት ላይ ሣር የተከደነበት ጥላ። እዚያ ሥር ጠፍር አልጋ ዘርግቼ "አረፍ በይ" አልኳት። አረፈች። ዝንብ እያባረረች ቀኑን ሙሉ መንገዱን ታያለች፣ ማታ ስገባ ወደ ጎንደር ምን ምን መኪና እንደሄደ ትነግረኛለች።

እንጆሪ ያሰብኩት ያኔ ነው። ዱር ውስጥ የሚለቀመውን እሾሃማውን ሳይሆን መሬት ለመሬት የሚሄደውን የፈረንጁን። ደጋ ይወዳል ብለውኛል፣ እናቴም ደጋ ትወዳለች። ስለዚህ ደጃፏ ላይ ትንሽ ደጋ ብተክልላት ትቆያለች አልኩ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ሰው ለእናቱ ጋቢ ይገዛል፣ እኔ አየር ልለውጥላት ተነሳሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ሾፌር ወዳጄ ችግኙን በተቆረጠ ጀሪካን ከጎንደር አመጣልኝ። ስልኬ ላይ "እንጆሪ ፀሐይ ይወዳል" የሚል አንብቤያለሁ። የስልኩ ፀሐይና የመተማ ፀሐይ አንድ መስለውኝ ገላጣው መሐል ደረደርኩት። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ስታየኝ ቆየች።

"ምንድር ነው የምትተክለው?"

"እንጆሪ ነው፣ እማዬ። ላንቺ።"

"ባንተ ዕድሜ ሰው ሚስት ያገባል" አለችና ወደ መንገዷ ዞረች።

ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ክው ብሎ ደረቀ። በላዩ የሰሊጥ ጆንያ ወጠርኩ። ጆንያው ጥላም ሆነ፣ ነፋስም ከለከለና የቀረውን እንደ ድንች ቀቀለው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ እኔ በረዶ ገዝቼ ሥሩ ላይ ከመርኩ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሀጂ በአጥሩ በኩል አይተውኝ ደነገጡ።

"አንተ ልጅ፣ እኛ ቀዝቃዛ ውሃ አምሮን አንተ በረዶ ለቅጠል?" አሉኝ። ወደ እናቴ ዞረው ደግሞ "እሜቴ፣ ልጅዎ ደኅና ነው ወይ?" ሲሉ ጠየቁ።

"እኔም እሱኑ ነው የማየው" አለች።

ኅዳር ላይ ወባ ጣለኝ። ጠፍር አልጋው ላይ የምንቀጠቀጠው እኔ ሆንኩ፣ እናቴ ከመቅጽበት ተነሳች። ሾርባ ሠራች፣ ግቢውን ጠረገች፣ ኩባያዋን ይዛ ወደ እንጆሪው ሄደች። "እማዬ ተይ፣ ወገብሽን!" ብል "ዝም ብለህ ተኛ" አለችኝ። በሕይወት የቀሩትን ችግኞች በቢላ ከነአፈራቸው አንስታ ዚሩ ሥር አዛወረቻቸው። ዚር የምንለው ከሱዳን የሚመጣውን ትልቅ የሸክላ የውሃ ማሰሮ ነው። ገላው ስለሚያልበው ሥሩ ሁልጊዜ ርጥብ ነው። እንጆሪ በሕይወቷ አይታ አታውቅም፣ ጎመን የምታዛውር መስሏት ነው የሠራችው። ጎን ለጎን የሚወጣውን ሐረግም አረም ብላ ነቃቅላ ለሀጂ ፍየል ሰጠች።

"ሐረጉ እኮ ልጁ ነው!" ብዬ ከብርድ ልብሴ ውስጥ ጮህኩ። "የሚራባው በሱ ነው!"

"ልጁማ ከሆነ እናቱን የሚመጥጠው እሱ ነው" አለች።

ስነሳ የእንጆሪው ሥልጣን ከእጄ ወጥቶ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ተነስታ ታጠጣቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ ታባብላቸዋለች። ማታ ስገባም የመኪና ወሬ ቀርቷል። "ያችኛዋ ቅጠል ጨመረች፣ ይቺኛዋ አኩርፋለች" ትለኛለች። ገና መጥቶ አለፈ። ጉዞዋን እንዳያስታውሳት ብዬ የሚኒባስ ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ጮክ ብዬ እስል ጀመር። ወባው አገረሸብህ ወይ እያሉ ሀጂ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል።

የጥምቀት ሰሞን ራሷ አነሳችው። "እሄድ ነበር፣ ግን እነዚህን ማን ያጠጣቸዋል? አንተ እንደሆንክ በረዶ ነው የምታበላቸው።"

ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቀናሁ። ልጇ እግሯ ሥር ወድቆ እየለመናት አሻፈረኝ ያለች ሴት ለቅጠል ቀረች። ጎልማሳ ሰው ሆኜ ከእንጆሪ ጋር በእናት ስፎካከር ራሴን አገኘሁት፣ የምሸነፈውም እኔ ነበርኩ።

ጥር ላይ አንዲት ፍሬ ቀላች። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። እናቴ ሀጂን ካልጠራሁ አለች፣ ለሦስት በቢላ ከፈለችልን። ሀጂ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው "ማሻ አላህ" አሉ።

"ሆምጣጤ ነው" አለች እናቴ።

"የመጀመሪያው ስለሆነ ነው" ብዬ ተከራከርኩ፣ ኮምጣጣነቱ ከእኔ የመጣ ይመስል።

መጋቢት ሲገባ ግን የቆላው ፀሐይ እውነቱን ተናገረ። የቅጠሉ ጠርዝ መቃጠል ጀመረ። ደንበኛ ቀበቶ ሲጠይቀኝ እኔ ሱቁን ትቼ እርጥብ ጨርቅ አለብሳለሁ። ከጎን ወደ ጎን ጥላ አዞራለሁ። ሠፈሩ እንጆሪ አሳበደው ብሎ ሳቀብኝ። እኔ እንጆሪው ምኔም አልነበረም። እነዚያ ቅጠሎች ከደረቁ እናቴን እዚህ የሚያስራት ነገር አለቀ ብዬ ነው የምሮጠው። ፋሲካ ደርሷል። ዕቃዋን ይዛበት የመጣችውን ዘንቢል አራግፋ በሩ ላይ ሰቅላዋለች፣ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

አንድ ጧት የመጨረሻዋም ደርቃ አገኘኋት። ቀድማኝ እናቴ ዚሩ ሥር ቁጭ ብላ ነበር። የምለምንበትን ቃል ሁሉ በሆዴ ደረደርኩ፣ ወገቧን፣ ባዶውን ቤት፣ ብርዱን። እሷ ደረቋን ተክል ነቀለች፣ ሥሯን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችና ወረወረቻት።

"ጥፋቱ የእኛው ነው" አለች። "ዘግይተን ተከልን። ከርሞ መስከረም ሲጠባ ነው የምንተክለው። ጥላውንም ከአሁኑ ሥራው፣ ኋላ ወባ ያዘኝ ትለኛለህ።"

ከርሞ አለች። እናቴ፣ ከበዓል ወዲያ ቆላ ውስጥ ቀን ቆጥራ የማታውቀው፣ ከርሞ አለች።

"ምን ይገትርሃል?" አለችኝ።

"እንጨት ልፈልግ ነው" ብዬ ፊቴን አዙሬ ወደ አጥሩ ሄድኩ። እዚያም ቆሜ ስፈልግ ቆየሁ። እንጨቱ እግሬ ሥር ተከምሮ ነበር።