በምድቡ ስድስተኛ

ልብስ ሰፊዋ የአንድ ሱሪ ጠርዝ እየተረተረች ነበር። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ክሩን በጥፍሯ ትስባለች፤ ጆሮዋ ግን መኝታ ቤት ነው። አልጋው ሲንቋቋ ክሩን መሳብ አቆመች። ባሏ ነቅቷል። ዛሬ ያውቀኝ ይሆን? ወይስ እንደ ትናንቱ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎ ሊወጣ ይነሳ ይሆን?

ሰፈሩ «ሯጩ» ይለዋል። በወጣትነቱ አንድ ጊዜ ብቻ በትልቅ ውድድር ለአገሩ ሮጧል። የተዋሰው ጫማ ሰፍቶት ጥጥ የጠቀጠቀችለት እሷ ነበረች፤ ያኔ ገና አልተጋቡም። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሲጠግን ኖረ። አሁን አእምሮው ብል እንደበላው ጨርቅ እዚህም እዚያም ሳስቷል።

የሚያቃናው አንድ ነገር ነበር። ስልክ ጠጋኝ የሆነችው የእህቷ ልጅ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራዋ ስታልፍ ጎራ ትልና ከስልኳ ታነብለታለች። በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ስለ እሱ ጥቂት መስመር ተጽፏል፦ ስሙ፣ የተወለደበት ዓመት፣ ከዚያም «በስምንት መቶ ሜትር ተወዳደረ፤ በምድቡ ስድስተኛ ሆኖ ከማጣሪያው አላለፈም።» ይኸው ነው። ይህን ሲሰማ ትከሻው ይቃናል። «እኔ እኮ ነኝ!» ይላል። ያን ጊዜ ሚስቱንም ያውቃታል፤ ቁርሱንም ይበላል።

የዚያን ቀን ግን ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አክስቴ፣ ሊያጠፉት ነው።»

«ማንን?» አለች፤ ስፒሉ ወጋት።

«ጽሑፉን ነው፤ አትደንግጪ። ተወዳደረ ብቻ ለተባለ ሰው የራሱ ገጽ አይገባውም ብለው እየተከራከሩ ነው። በሰፊው የተጻፈ ነገር ካልተገኘ ነገ ይሰረዛል።»

«ምን አድርጓቸው? ቦታ አጣበበባቸው?»

«እኔም እንደዚያው ብዬ ጻፍኩላቸው። አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የሮጠ ሁሉ ከተጻፈ አሸናፊውን በምን እንለየዋለን!»

«አሸናፊውማ ሜዳሊያ አለው!»

ልጅቱ ሳቀች፤ እሷ አልሳቀችም።

«ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም እኮ» አለች ልጅቱ። «ማንም ተነስቶ ያልነበረውን ነበር ብሎ እንዳይጽፍ ይፈራሉ። ያኔ ጋዜጣ ላይ ከነፎቶው ወጥቶ ነበር አላልሽኝም? ቤተ መጻሕፍቱ የድሮ ጋዜጣ ያስቀምጣል። እኔ ዛሬ ሱቁን ጥዬ መውጣት አልችልም። አንቺ ሂጂና ኮፒ አስደርጊልኝ፤ ማታ እልክላቸዋለሁ።»

ልጅቱ አንብባለት ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የውጪ ጫማዋን አደረገች። ገጹ ከጠፋ ነገ ጠዋት ማን ነህ ብዬ ነው የምነግረው? ቆልፋበት መሄድ ፈራች፤ ሳትቆልፍ መሄድም ፈራች። በመጨረሻ ፊት ለፊት ላለው ፀጉር አስተካካይ አደራ አለችው።

«ሂጂ እናቴ፤ ዓይኔ ከበራችሁ አይነቀልም» አለ። «ብቻ ሯጭ ነውና ካመለጠኝ፣ በዚህ ቦርጭ እደርስበታለሁ ብለሽ እንዳታስቢ!»

ቀልዱ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ሄደች። አውቶቡሱ መጣ። አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች።

«ማዘር፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውረዱ!» አለ ሾፌሩ።

ወረደች። በቀጭኑ መንገድ እየተደነቃቀፈች ተመለሰች። ፀጉር አስተካካዩ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ የደንበኛ አገጭ ይላጫል። የእሷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ባዶ ነው።

ዋናው መንገድ ላይ አገኘችው። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የማስጀመሪያውን ተኩስ ይጠብቃል። የጭነት መኪኖች ሸሚዙን እያውለበለቡ ያልፋሉ። በስሙ ጠራችው፤ ዞር አላለም። ሮጣ ብትይዘው ደንግጦ ወደፊት ቢወረወርስ? ባለችበት ቆመች። ሳታስበው አፏ ጽሑፉን በቃል ማንበብ ጀመረ።

«በስምንት መቶ ሜትር ተወዳደረ፤ በምድቡ ስድስተኛ ሆኖ...»

ቀና አለ። «እኔ እኮ ነኝ!»

«አንተ ነህ።»

«ጫማው ሰፋኝ» አለ እግሩን እያየ። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው።

«ና፤ ጥጥ ልጨምርበት።»

እጁን ሰጣት።

ቤት ገብተው በሩን ቆለፈች፤ ወንበሯንም አስደግፋ ተቀመጠችበት። እሱ ሻዩን ጠጥቶ ተኛ። እሷ ሱሪውን አንስታ ጠርዙን መተርተር ቀጠለች። ነገ ቢሰረዝም ቃል እንዳይወድቅባት ጽሑፉን በሹክሹክታ ደጋገመችው፦ ስሙ፣ የተወለደበት ዓመት... ዓመቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደገና ከስሙ ጀመረች። እንደገና እዚያው ላይ ቆመች።

መሸ፤ የቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት አለፈ። የውጪ ጫማዋን ግን ገና አላወለቀችም።