የድረ ገጼን ቁልፍ ፍለጋ ወደ ኖርዝ ዮርክ

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከቤቴ ወጣሁ። የምኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የስፌት ሥራዬም እዚያው ሳሎኔ ውስጥ ነው። የጉዞዬ ዓላማ ኢምራን የሚባለውን ልጅ በአካል አግኝቼ ድረ ገጼ ላይ ያለውን አድራሻ ማስቀየር ነበር። ለዚህ ብሎ ሰው ከተማ ያቋርጣል ወይ የሚል ካለ፣ ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ልንገረው።

እማማ ዘሃራ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ለልጅ ልጃቸው ኒካህ የሚለብሱት ቀሚስ ሰፍቷቸው ላስጠብበው ብለው ሙሽራዋን አድራሻዬን ጠየቋት። እሷም ድረ ገጼን ከፍታ ያየችውን በወረቀት ጻፈችላቸው። ያየችው ግን ከአምስት ወር በፊት የለቀቅኳትን የሪጀንት ፓርኳን ትንሽ ሱቅ ነበር። እማማ በስትሪትካር፣ በጎዳናው ባቡር፣ ሄደው በሩን ዝግ አገኙት። «ትመጣለች» ብለው ቀሚሱን እንደታቀፉ በዚያ ብርድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ማታውኑ ሳል ያዛቸው። ረቡዕ ሙሽራዋ ደውላ ስትነግረኝ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ኢምራን ድረ ገጹን ከሁለት ዓመት በፊት የሠራልኝ ልጅ ነው። አድራሻውን ቀይርልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ቴክስት አድርጌለታለሁ። ሦስቴም «እሺ እትዬ ሰአዳ» ብሎ መልሷል። ረቡዕ ማታ ስደውልለት ቅዳሜ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካልጋሪ እንደሚሄድ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የሐሙስ ምሳ ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት፣ ኖርዝ ዮርክ ካለው ቢሮው ሥር ባለው የምግብ አዳራሽ።

ልጄ ሩቂያ ላፕቶፗን ስታውሰኝ ፊቷ ላይ የእኔኑ ጭንቀት አየሁት።

«እማ፣ ጀስት ኮል አድርጊውና እሱ ይሥራው» አለችኝ።

«ደውዬ ደውዬ አይደል እንዴ እዚህ የደረስኩት?»

«ኦኬ፣ ግን ፕሊስ እንዳትጥይው። የትምህርት ኖቶቼ በሙሉ እዚያ ናቸው።»

ላፕቶፑን በሁለት ፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከቶርንክሊፍ እስከ ብሮድቪው

ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ስለነበር የእግረኛው መንገድ አመድማ ጭቃ ሆኗል። ከፎቆቹ ሥር እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ በአንድ መስመር ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ሞልቶ መጣ። ካርዴን አስነካሁ፤ ሦስት ዶላር ከሠላሳ። ካስነካሁበት ጀምሮ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ስትሪትካሩንም በዚያው ሒሳብ እሳፈራለሁ።

ቆሜ አንድ እጄን ብረቱ ላይ፣ በሌላው ስልኬን ይዤ ድረ ገጼን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤው አላውቅም ነበር። ፎቶ ስልክለት ኢምራን ያስገባል፤ ደንበኛ ሲደውል ደስ ይለኛል፤ በቃ። አሁን እንደ እንግዳ ሰው ሆኜ አነበብኩት። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ፈገግ ያለች ፈረንጅ ሴት ናት፤ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ቀጥሎ «የባለሙያዎች ቡድናችን» ይላል። ቡድኑ እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በታች ደግሞ ማንኛውም ልብስ በሃያ አራት ሰዓት ተጠግኖ ይደርስዎታል ይላል።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት «ቃላችሁን አታከብሩም» ብላኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግታብኝ ነበር። ስለምን እንደምታወራ አልገባኝምና ሴትየዋን ዓመለኛ አድርጌ ለጎረቤቶቼ አውርቻታለሁ። ሌላስ ማንን ምን ብዬ ቃል ገብቼ ይሆን?

ሪጀንት ፓርክ

ከብሮድቪው በስትሪትካር ወደ ደቡብ ወረድኩ። የዶን ወንዝን ድልድይ ተሻግሮ ዳንዳስ መንገድ ላይ ሲሄድ አዳዲሶቹ ፎቆች ግራና ቀኝ ይመጣሉ። ወደ ኖርዝ ዮርክ ከመሄዴ በፊት የድሮው ሱቄ በር ላይ ወረቀት ልለጥፍ ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይቆም።

ሱቋ አሁን ስልክ መጠገኛ ሆናለች። ባለቤቱ ራሂም የሚባል የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ ገና መዝጊያውን ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ስሜን ስነግረው እጁን ከመዝጊያው አነሳ።

«ሰአዳ አንቺ ነሽ? አውቅሻለሁ እኮ! ሰው ሁሉ እየመጣ ስምሽን ይጠራብኛል።»

«ብዙ ሰው ነው?»

«በሳምንት ሁለትም ሦስትም። ሱሪ ይዘው፣ መጋረጃ ይዘው። ምን ልበላቸው? የት እንዳለሽ አላውቅ። ማክሰኞ ብቻ ነው የማልኖረው፤ ዕረፍቴ ነው።»

ማክሰኞ። እማማ የመጡበት ቀን። ስለ እሳቸው ስነግረው ከፔርሙስ ሻይ ቀዳልኝ። ስልክ ቁጥሬን በትልቁ ጽፌ መስታወቱ ላይ ለጠፍን። ማጣበቂያውን የሰጠኝ እሱ ነው።

ፌርማታው ላይ ስትሪትካር ስጠብቅ ለእማማ ዘሃራ ደወልኩ። ድምፃቸው ሻክሯል።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አድራሻው የቆየ ነው፤ የሚቀይርልኝ ልጅ ረስቶት ነው።»

«ምን ልጅ?» አሉኝ። «ያንቺ ስም አይደል ያለበት? አንቺ ያልሽው መስሎኝ ነው የቆምኩት። ለቤትሽ ሌላ ማን ይናገርልሻል ልጄ?»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ የገረማቸውን ነው የጠየቁኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስትሪትካሩ መጥቶ በሩ እስኪከፈት ድረስ አላየሁትም።

የያንግ ባቡር

ያንግ መንገድ ወርጄ ወደ ሰሜን የሚሄደውን የምድር ውስጥ ባቡር ያዝኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ከሃምሳ። ይበቃል። ግን ልቤ አልረጋ አለና ለኢምራን የምለውን በልቤ ደጋገምኩ። ኮስተር ብዬ ልናገረው ወይስ ልለማመጠው? ቢቆጣና ጥሎኝ ቢሄድስ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ «ሼፐርድ» የሚለውን የጣቢያ ስም ስሰማ ዘልዬ ወረድኩ። አንድ ፌርማታ ቀድሜ መውረዴ የገባኝ መንገድ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ተመልሶ ከመግባት ልራመድ አልኩ። በእነዚያ ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ በረዷማው አስፋልት ላይ እየተንሸራተትኩ ሄድኩ። ስደርስ ስድስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ከግማሽ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ አልቋል።

ሃያ ደቂቃ

ኢምራን ሳንድዊቹን ሳይፈታ ነበር የሚጠብቀኝ። የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«እትዬ ሰአዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደ እርስዎ ያሉ አሥራ ምናምን ሰዎች አሉኝ፤ ከሥራ ስወጣ ሁሉም ቴክስት ያደርጋሉ። ይስጡኝ፣ አሁኑኑ ፊክስ ላድርገው። ሁለት ደቂቃ ነው።»

እጁን ወደ ላፕቶፑ ዘረጋ። ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ከቅዳሜ በኋላስ?» አልኩት።

«ካልጋሪ ሆኜም ይቻላል እኮ። ኢንተርኔት ነው።»

«እዚሁ ሆነህ መቼ ቻልክ?»

አንገቱን ደፋ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አልተቀየምኩህም። ፓስዎርዱን ስጠኝና አሳየኝ። እጅህን ግን አታስገባ፤ እኔ ልንካው» አልኩት።

«ፓስዎርዱ እኮ እርስዎ ጋ ነው» አለኝ።

«የት?»

«ኢሜይልዎ ላይ። ያኔ እንደጨረስኩ ልኬልዎታለሁ። ‹እንግሊዝኛ የበዛበት ነገር አትላክብኝ፣ አንተው ያዘው› ብለውኝ ነበር።»

ፈልጌ አገኘሁት። የሁለት ዓመት ደብዳቤ፣ ሳይከፈት። ያንን ያልኩት ቀን ትዝ አለኝ፤ እንዲያውም ስቄ ነበር። ከቶርንክሊፍ እዚህ ድረስ በልጁ ተናድጄ የመጣሁት ሁሉ ፊቴ ላይ እሳት ሆኖ ተመለሰብኝ።

ጊዜ ግን አልነበረም። ልኬት የምጽፍበትን ደብተር አውጥቼ እሱ እየተናገረ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ፤ በየት ይገባል፣ ጽሑፉ በምን ይነካል፣ በምን ይቀመጣል። አድራሻው ላይ ስንደርስ የአፓርታማዬን ቁጥር ጨምሬ እንድጽፍ ነገረኝ።

«ሙሉ አድራሻ ከሌለ ሰው ፕሮፌሽናል አይመስለውም።»

ልጽፍ ጣቴን ካነሳሁ በኋላ አቆምኩ። «እሱ ሱቅ ሲሆን ነው። ይሄ ቤቴ ነው፤ ሴት ልጅ አለችኝ። ሰው መጀመሪያ ይደውል፣ ቀጠሮ ለያዘ ሰው እኔ ራሴ አድራሻውን እሰጠዋለሁ።»

«ልክ ነዎት። አላሰብኩትም» አለ።

ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አድርጊ ሲለኝ አይሆንም ያልኩት ያን ዕለት ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሳንድዊቹን በኪሱ ከቶ ወደ አሳንሰሩ ሮጠ።

ባዶው ገጽ

ብቻዬን ቀረሁ። በሰባት ዶላር የገዛሁት የምስር ሾርባ ይቀዘቅዛል። ፈገግ ያለችውን ሴት አጠፋሁ። የባለሙያዎቹን ቡድን አጠፋሁ። የሃያ አራት ሰዓቱን ቃል ሳጠፋ እጄ ምን እንደነካ አላውቅም፤ አስቀምጥ የሚለውን ተጭኜ ድረ ገጹን በስልኬ ስከፍተው ነጭ ሆነ። ስሜ የለም፣ ቁጥሬ የለም፣ የሰፋኋቸው ቀሚሶች የሉም።

ለኢምራን ደወልኩ፤ አያነሳም። ቴክስት ሳደርግለት «ሚቲንግ ላይ ነኝ፣ ማታ» ብሎ መለሰ። የላፕቶፑ ባትሪ አሥራ አራት በመቶ ይላል፤ ቻርጀሩ ቤት ነው። በዚህች ደቂቃ አንድ ሰው ስሜን እየፈለገ ቢሆንስ? የድሮው አድራሻ ቢያንስ ሰው ነኝ ይል ነበር። አሁን ምንም አይደለሁም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጎኔ ያሉት ሰዎች ሩዛቸውን ይበላሉ።

የስፌት መኪና ክር ሲተበተብ አዲስ ሰው ጨርቁን ይጎትታል፤ መርፌው ይሰበራል። ይህን ስንቷን ልጅ ሳስተምር ተናግሬዋለሁ። እጄን ከላፕቶፑ ላይ አነሳሁና ጭኔ ላይ አደረግኩት። ከዚያ ገጹ ላይ ያለውን ቃል ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ አነበብኩ። የማላውቀውን በስልኬ ተረጎምኩ። ከላይ ጥግ ላይ የሰዓት ምልክት አለ፤ ስከፍተው ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈ ዝርዝር ወጣ። በየጊዜው የተቀመጠው ሁሉ እዚያ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት የነበረውን መረጥኩ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ።

እርግጠኛ አልነበርኩም። የምጠይቀውም ሰው አልነበረም። ተጫንኩት።

መጀመሪያ የመጣችው ያቺው ፈገግ ያለች ሴት ናት። በዚያች ሰዓት እንደ እህቴ ናፍቃኝ ነበር። ከዚያ እንደገና ጀመርኩ፤ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ በስልኬ አያለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። በሴትየዋ ቦታ የራሴን የመርፌ ሥራ ፎቶ አስገባሁ። በቡድኑ ቦታ «ስፌቱን የምሠራው እኔ ሰአዳ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። በሃያ አራት ሰዓቱ ቦታ «የሚፈጀውን ጊዜ ልብሱን ካየሁት በኋላ እነግርዎታለሁ» አልኩ። የሪጀንት ፓርኩን አድራሻ አጥፍቼ ከገጹ አናት ላይ ስልክ ቁጥሬንና «ከመምጣትዎ በፊት ይደውሉ» የሚለውን በትልልቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አስቀመጥኩ። ባትሪው አራት በመቶ ሲል ላፕቶፑን ከደንኩት። ሾርባው በረዶ ሆኖ ነበር፤ ጠጣሁት።

መልስ

አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። በመንገድ ላይ ድረ ገጼን ስድስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት፤ ይጠፋል ብዬ ነው። ሩቂያ ላፕቶፗን ገልብጣ ካየች በኋላ ገጹን አንብባ፣ «ሁ ዲድ ዚስ?» አለች። እኔ ነኝ ስላት አቀፈችኝ። ዓርብ እማማ ዘሃራ ቤት ሄጄ ቀሚሱን እዚያው ለካሁት። ሳሉ ቀሎላቸዋል፤ ቀሚሱም ለኒካሁ ደርሷል።

የዚህ ጉዞ ትምህርት ለእኔ ግልጽ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በስሜ የሚነገረውን ሳላነብ ኖሬያለሁ፤ የፈራሁት ነገር የራሴ ኢሜይል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ሰው ስከስስ ነበር። ፍርሃቱ ለቆኛል አልልም። አሁንም አስቀምጥ የሚለውን ከመጫኔ በፊት ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ግን ስሳሳት የት እንደምፈልግ አውቃለሁ።

እሑድ ከሰባተኛ ፎቅ ሙና የምትባል ሂና የምትስል ጎረቤቴ መጣች። ስልኳን ዘርግታልኝ፣ «ሰአዳዬ፣ አንቺ አውቀሻል አሉ። የእኔ ገጽ ላይ ያለው ዋጋ የአምናው ነው፤ እባክሽ ቀይሪልኝ» አለችኝ።

ስልኩን ተቀበልኳት። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለእኔም ደስ ይለኛል፣ እሷም ትመርቀኛለች። ከዚያ መልሼ እጇ ላይ አደረግኩት።

«ቁጭ በይ ሙና። አንቺ ንኪው፤ እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

«ቢጠፋብኝስ?»

«አብረን እንፈልገዋለን።»

ጣቷ ገጹ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩት። አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ራሷ ተጫነችው።