ለዚያችኛዋ ንገሪያት

የአንደኛ ክፍሏን መምህርት ባልደረቦቿ «አስታራቂዋ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ግን አይሏትም፤ ምላሷን ያውቁታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ ስታስታርቅ ኖራለች። ሁለት ልጆች ከተጣሉ ባለ ሁለት ጆሮውን ባልዲ አስይዛ ችግኝ ታስጠጣቸዋለች። ተኳርፈው የሄዱ እንደሆነ ውኃው ጫማቸው ላይ ይፈስሳልና ሳይወዱ ይነጋገራሉ።

እሷ ራሷ ግን ከገዛ ታናሽ እህቷ ጋር ዓይንሽን ላፈር ከተባባሉ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። እህቷ ደግሞ ሩቅ አይደለችም፤ ከግድግዳው ወዲያ ሁለተኛ ክፍልን ታስተምራለች። የጠባቸው መነሻ የእናታቸው የልብስ ስፌት መኪና ነው። መኪናው ዝጎ ተጥሏል፤ ቂማቸው ግን እንደ አዲስ ነው። ጠመኔ ባለቀ ቁጥር አስታራቂዋ የክፍሉን ትንሿን ልጅ ትጠራለች፦ «ሚጢጢ፣ ለዚያችኛዋ ንገሪያት፣ ጠመኔ ላኪ በያት።» ሚጢጢም «ያላትን ትቆጥብ ብላለች» ብላ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ልጅ ያየውን ነው የሚይዘው። ሁለት ጓደኛሞች በላጲስ ተጣሉና ባልዲውን አንነካም አሉ። ሚጢጢን ጠሯት።

«ለዚያችኛዋ ንገሪያት፣ ጥርስሽ ያስጠላል በያት።»

«ያንቺ ጆሮ ይብሳል በያት።»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሚጢጢ ስድብ ስታመላልስ ሰንብታ ሁለቱም ወገኖች ጠሏት። ሰኞ ቀረች፤ ማክሰኞም አልመጣች።

ረቡዕ እናቷ እጇን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ልጄ ሆዴን ቆረጠኝ እያለች ታድራለች። የማንም ፖስተኛ አይደለችም! ዛሬም እንዲሁ ከሆነ አስወጥቻት ሌላ ትምህርት ቤት ነው የማስገባት።»

«ማነው የሚልካት?» አለች አስታራቂዋ ተቆጥታ።

«መጀመሪያ የላኳት እርስዎ ነዎት!»

አስታራቂዋ ደሟ ፈላ። ሚጢጢን ይዛ ወደ ጎረቤት ክፍል ሄደች፤ ልጆቹ ግር ብለው ተከተሏት። አንኳኳች። እህቷ ከፍታ አየቻትና ወደ ሚጢጢ ጎንበስ አለች።

«ምን ፈልገሽ ነው በያት።»

ሚጢጢ ሁለቱንም ቀና ብላ አየቻቸው። «ራስዎ ይጠይቋት ቲቸር፤ እኔ ደክሞኛል።»

እህቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን ፈለግሽ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷን አናግሮ የማያውቅ ድምፅ ነው። አስታራቂዋን ማልቀስም መሳደብም አማራት።

«ጠመኔ» አለች።

«የለኝም!» በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

በዕረፍት ሰዓት ሁለቱ ጓደኛሞች አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመው «ውሸታም!» «ሌባ!» ሲባባሉ አስታራቂዋ ሰማች። ልትገላግል ተነሣችና መልሳ ተቀመጠች። ሚጢጢ ከዛፉ ሥር ከልጆች ጋር ገመድ ትዘልላለች፤ ለመልእክት የሚጠራት አልነበረም።