የእማማ ጥሩነሽ ጎረቤት

«ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው እማማ ጥሩነሽን።

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ታደገ ቀደሟቸው። «ኧረ ምን ሆና ታለቅሳለች! በእኛ ቀበሌ የሚያለቅስ ሰው የለም፣ ብለሽ ጻፊ!»

«አያ ታደገ፣ የጠየቅኩት እሳቸውን ነው...»

እማማ ጥሩነሽ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ያለ ምክንያትማ የሚያለቅስ እብድ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እናንተዬ፣ ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ አዲስ ዓለም ሰፈር ያደግኩ የጎንደር ነጋዴ ልጅ፣ ያኔ ገና የነርስ ተማሪ ነኝ። መንግሥት የሚደግፈው ጥናት አለ ተባለና ኮሶዬ አካባቢ ላኩን፤ የገጠሩን ሰው ጭንቀትና የመንፈስ ሕመም ቤት ለቤት እየዞርን እንድንጠይቅ። ብርዱ ወላሂ አጥንት ይሰብራል። እኔ ደግሞ ለከተማ መንገድ የተገዛች ስስ ጫማ አድርጌ ጭቃ ለጭቃ እየተንሸራተትኩ ነው።

የዚያን ቀን ጥያቄዬ ሁሉ አንድ መልስ ነው ያገኘው።

«እንቅልፍስ?»

«ተመስገን።»

«እህል ይበላልዎታል?»

«ተመስገን።»

«መኖር ያስጠላዎታል?»

«የሰጠን አምላክ ይመስገን፣ ምነው እንዲህ ትያለሽ?»

በልቤ ኤጭ! አልኩ። ሰዉ ሁሉ እንዲህ ጤነኛ ከሆነ እኛን ምን አመጣን? ግድግዳው ላይ የወንድ ልጅ በረባሶ ተሰቅሎ አየሁና እንደው ለጨዋታ ያህል «ልጅዎ የት ሄደ?» አልኳቸው።

አሁንም አያ ታደገ ናቸው የመለሱልኝ። «እናት አገር ጠርታው ዘምቷል!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። እማማ ጥሩነሽ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። መቼም ለብሔራዊ ውትድርና ልጆቹን የሚመለምሉት እነዚሁ ሊቀመንበሮች እንደሆኑ ያኔ ያልነበረ ሰው አያውቀውም... ሊቀመንበሩ አጠገቤ ተቀምጠው እኔ «ያለቅሳሉ?» እያልኩ እጠይቃለሁ! የእኔ ነገር!

ደግነቱ አያ ታደገን አንድ ሰው ከውጭ ጠርቷቸው ወጡ። እኔም ወረቀቴን አጣጥፌ ልሄድ ተነሳሁ። «ቀጥሎ ከታች ወዳለው ቤት ልውረድ። ማን አለ እዚያ?»

እማማ ጥሩነሽ በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንዲት ሴት አለች» አሉኝ። «እሷን ጠይቂያት። እሷ እንኳ ደህና አይደለችም።»

«ምን ሆነች?»

«አንድ ልጅ ነበራት፣ ወሰዱባት። ወሬው ከጠፋ ቆየ። ሌሊት አትተኛም። እህል አይወርድላትም። ሰሞኑንማ... ከገደሉ አፋፍ ሄዳ ትቀመጣለች። ብታርፍ ትወዳለች መሰለኝ።»

ደነገጥኩ። በቁልቁለቱ እንዴት እንደወረድኩ እኔ አላውቅም። አንድ ጫማዬን ጭቃ ውጦት ጥዬው ሄድኩ። «እማማ! ቤቶች!» እያልኩ ደረስኩ...

ቤት የለም። ማለቴ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ግን ወርዷል። በሩ ላይ ሳማ በቅሎበታል። ሰው ከኖረበት ዓመታት አልፈውታል።

ያኔ ገባኝ።

ዳገቱን በአንድ ጫማ ሮጬ ወጣሁ። እማማ ጥሩነሽ ቤት የሉም። ከአጥሩ ጀርባ፣ አፋፉ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ልጮህ ብል አስደነግጣቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ቀስ ብዬ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ምን ይባላል? የተማርነው ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

«ጎረቤትዎን አገኘኋት» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ... አዩኝ፣ አዩኝ። «ምን አለችሽ?»

«ልጇ ናፍቋታል። ደክሟታል። ደግሞ ብቻዋን ነች።»

«አዎን» አሉ። «ብቻዋን ነች።» እንባቸው ዝም ብሎ ወረደ። እጃቸውን ያዝኩ፣ አልነጠቁኝም።

«ዘመድ የላትም?»

«እህት አለቻት፣ ከወንዙ ማዶ። ሰው ማስቸገር አትወድም እንጂ።»

«ዛሬ ታስቸግር» አልኩና እጃቸውን እንደያዝኩ ወደ ቤት አስገባኋቸው።

አያ ታደገ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ስለ እንባው ትንፍሽ አላልኩም። «የእማማ ጥሩነሽ እህት አሁኑኑ ይጠሩ። አብረዋቸው ይሰንብቱ፣ ለብቻቸው እንዳይተዉአቸው» አልኩ ኮስተር ብዬ።

«ለምን ሲባል?»

«መመሪያ ነው!»

አያ ታደገ ቆፍጠን አሉ። «ከላይ ነው?»

«ከላይ ነው!»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ ነው ከተባለ ለምን የሚል የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እህትየዋ ስንቃቸውን ተሸክመው ከች አሉ። እኔም እሳቸው እስኪገቡ ንቅንቅ አላልኩም።

ጎንደር ስመለስ ለጥናቱ ኃላፊ ሐኪም ሁሉንም ነገርኩት። መንግሥት ያላወጣውን መመሪያ አውጥቻለሁና ዛሬ አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ ማኪናውን አስነስቶ መድኃኒትም ይዞ አብሮኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንሄድ ነበር። ሐኪሙም ገና ከመግባቱ ነገሩን ያዘልኝ፣ ስለ ጎረቤቲቱ ነበር የሚጠይቃቸው። መቼም ቢሆን «ጎረቤቲቱ እርስዎ ነዎት» አላልናቸውም።

ክረምቱ አልፎ ስሄድ እማማ ጥሩነሽ ትኩስ የባቄላ ቆሎ አቀረቡልኝ። ፊታቸው ሸጋ ሆኗል። ጭቃ የዋጠውን ጫማዬንም አውጥተው፣ አጥበው፣ ከልጃቸው በረባሶ አጠገብ ሰቅለውልኛል።

«ጎረቤትዎ እንዴት ነች?» አልኳቸው።

«እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሯል። እህልም ትቀምሳለች። ልጇን ግን ዛሬም ትጠብቃለች።»

«ታለቅሳለች?»

«ታለቅሳለች እንጂ» አሉኝ። «ምክንያት አላት።»

እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ሲለኝ ቶሎ አልሄድም... «ጎረቤትህስ?» እላለሁ።