ስሜ ያለበት የስኳር መጠቅለያ

ከሱቅ ስኳር ገዝቼ ገባሁ... ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ መጠቅለያውን በመዳፌ አስተካከልኩት። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብ የለመድኩት ከእንዲህ ዓይነቱ ቁራጭ ወረቀት ስለሆነ ሳላነብ የምጥለው የለም።

የልጅ ጽሕፈት ነው። ርዕሱ «ጉርብትና» ይላል። በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ ሳነብ መሃል ላይ «እትዬ አማረች» የሚል አገኘሁ... የእኔው ስም። ሰው ጽፎት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት።

«አባቴ ለጎረቤት ያስባል። እኔን ሲገርፈኝ ጎረቤት እንዳይረበሽ ሬዲዮ ከፍ ያደርጋል። እትዬ አማረች ሬዲዮ ትወዳለች። ደጅ ሆና ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎ ትለዋለች። አባቴ አሜን ይልና ይቀጥላል።»

ከታች አስተማሪው በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ፊደል አርሞ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ብሎባታል።

ቁጭ አልኩ።

ጻፊዋ አስቴር ናት። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖረው የጋሽ ቦጋለ ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ስትሞት የእንጀራ እናት አላመጣባትም ብለን ሰፈሩ ሁሉ የምናመሰግነው ሰው ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው ማሳው ሙዝ ባመጣ ቁጥር ለየቤቱ ያድላል። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ሲለቀው እኛ ሴቶች ደጅ ወጥተን ዘፈን እንሰማለን። እኔማ ሬዲዮ ስለሌለኝ አጥብቄ ነው የምመርቀው። እውነትም ከውስጥ ሆኖ «አሜን» ይለኝ ነበር...

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሬዲዮው ጮኸ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ወጡ። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

ራሱ ከፈተልኝ። ግንባሩ ላቦታል፣ ግን ፈገግ ብሏል። «ምነው አማረች፣ እዚያ ድረስ አልሰማ አለሽ እንዴ?»

«ይሰማል ጋሼ። እስቲ ይዝጉት።»

«ለምን?»

«አስቴርን እንስማት።»

ፈገግታው ጠፋ። የገዛ ልጁን ቢቀጣ ማን እንደሚጠይቀው ጠየቀኝ። እሱንም ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። በጎኑ አልፌ ገባሁና ሬዲዮውን በእጄ ዘጋሁት።

አስቴር ጓዳ ውስጥ እጆቿ ከአልጋው እግር ጋር ታስረዋል። ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። የነጠላ ጫፍ ነክሳ ነበር፣ ስታየኝ ከአፏ ለቀቀችው።

«እትዬ፣ ሬዲዮውን ክፈቺው...» አለችኝ። «ጎረቤት ይሰማል።»

ገመዱን ፈትቼ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። እሱ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፣ አልከለከለኝም። ደጅ የነበሩት ሴቶች መንገድ ለቀቁልን፣ አንዷም ምን ሆና ነው ብላ አልጠየቀችም። በሳምንቱ መልእክት የላክሁባት የእናቷ እህት ከዶርዜ ወርዳ ልጅቷን ይዛት ሄደች። ጋሽ ቦጋለ ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ከፍቶት አያውቅም።

አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለሁ አንዷ ጎረቤታችን ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «አንቺ አማረች፣ ያን የመሰለ ዘፈን አስቀረሽብን እኮ» ብላ ሳቀች።

የእሷን መኝታ ቤትና የእነ አስቴርን ጓዳ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።